«12 ገጽ ጽፌላት ስሟን የሚጠራ ጠፋ»

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፤

ከአራት ጓደኞቼ ጋር የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ መጫወት ከጀመርን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። የምንጫወተው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በንግግርና በዳይስ ታሪክ አብሮ የሚሠራበት ጨዋታ። አንዱ ታሪኩን የሚመራው የጨዋታ መሪ ነው፤ አራታችን ተጫዋቾች ነን። የእኔ ገጸ ባሕርይ አይሌንድሪያስ የምትባል ኤልፍ (ሰው የምትመስል የተረት ፍጥረት) ቀስተኛ ናት። የኋላ ታሪኳን 12 ገጽ ጻፍኩላት፤ መንደሯ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ወላጆቿን ማን እንደገደላቸው፣ ብቻዋን ጫካ ውስጥ እንዴት እንዳደገች። ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ግን እስከ ዛሬ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ቀስተኛዋ» ነው የሚሏት።

በቅርቡ ደግሞ የአንዷ ጓደኛችን ገጸ ባሕርይ ሞተባትና አዲስ መፍጠር ነበረባት። ምንም ሳትዘጋጅ መጣች፤ የገጸ ባሕርይ ወረቀቱን እዚያው በ20 ደቂቃ ሞልታ፣ ሁለት ሜትር የሚረዝም ጨለማ የሚፈራ ወታደር ይዛ ገባች። ስሙ ቦሮ ነው። በሦስተኛው ምሽት ወሬው ሁሉ ስለ ቦሮ ሆነ። በማንጫወትበት ቀን እንኳ የምንላላከው መልእክት ስለ እሱ ነው። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ።

ቀስተኛዋን ላስገድላትና አዲስ ልጀምር? ወይስ የመጻፍ ችሎታው ነው የሌለኝ? ከስድስቱ የችሎታ ቁጥሮቿ ዝቅተኛው ሞገስ ላይ ያለው 8 ነው፤ ምናልባት ችግሩ እሱ ይሆን? ደግሞ ጓደኛዬ ድምጿን እያጎረነነች ነው የምትጫወተው፤ እኔ አፍራለሁ። ግድ ነው?

ቀስተኛዋ ነኝ

መልስ

ውድ ቀስተኛዋ፤

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔም በዚሁ ልጥራሽ። የኤልፏን ስም በትክክል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ወደ ደብዳቤሽ ተመልሼ ማየት ነበረብኝ። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

መጻፍ ግን አላቃተሽም። ስለ አይሌንድሪያስ ስትነግሪኝ መንደሩን፣ እሳቱን፣ ጫካውን ዘረዘርሽ፤ አንብቤው አለፍኩ። ስለ ቦሮ የጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ሜትር ይረዝማል፣ ጨለማ ይፈራል። እሱ ግን ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ «ችቦው ይበቃናል ትላላችሁ?» ሲል ታየኝ። ሁለቱንም የጻፈው ያው ያንቺ እጅ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የብዕርሽ አይደለም፤ የተጻፈው ነገር የት እንደተቀመጠ ነው። የቦሮ ፍርሃት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የአይሌንድሪያስ ሐዘን ያንቺ ማህደር ውስጥ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ምሽት 4 ሰዓት ተጫወታችሁ እንበል፤ 240 ደቂቃ። የጨዋታ መሪው ቦታውን ሲገልጽ፣ ጭራቆቹን ሲያንቀሳቅስ፣ ሕጉን ሲያገላብጥ ግማሹን ቢወስድ 120 ደቂቃ ይተርፋል፤ ለአራት ሲካፈል 30 ደቂቃ ይደርስሻል። ከዚያም ላይ ዳይስ መወርወሩና መደመሩ አለ። 12 ገጽሽን ጮክ ብለሽ ብታነቢላቸው ያንን 30 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ያውም ማንም ሳይሰማሽ። ጓደኞችሽ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እነሱም የራሳቸው ገጽ አላቸው። አይሌንድሪያስን የሚያውቋት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስታደርግ ባዩት ነው።

ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። የመጀመሪያ ዘመቻዬ (ብዙ ምሽት የሚቀጥል አንድ ታሪክ) ላይ ይዤ የገባሁት ገጸ ባሕርይ ያንቺዋ ወንድም ይመስል ነበር፤ ወላጆቹ የተገደሉበት፣ ቆብ የደፋ፣ ቃል የማይወጣው ተበቃይ። መሪያችን «ሌሎቹ ካርታውን ዘርግተው ይከራከራሉ፤ ያንተ ሰውዬስ?» ሲለኝ፣ «ጥጉ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያቸዋል» እላለሁ። ሦስት ምሽት ሙሉ ዝም ብሎ አያቸው። እኔ በልቤ ምን ያህል ጥልቅ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእነሱ ግን ከወንበሩ አይለይም። በአራተኛው ምሽት ከድልድይ ወድቆ ሞተ። ጓዶቹ ወዲያው ወደ ገደሉ ገመድ አወረዱ፤ ልቤ ሞቅ አለ። ለካ ጫማው አስማት ስለነበረው ነው። ጫማውን አውጥተው ሬሳውን እዚያው ተዉት።

ከሱ በኋላ ተናድጄ በአምስት ደቂቃ የፈጠርኩት አንድ ሸክም ተሸካሚ ነበር፤ ዱም ይባላል። ስለ እሱ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰው ዕዳ አይወድም። ስለዚህ ደብተር ይዟል። እኔም እውነተኛ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በመጀመሪያው ውጊያ ቆስሎ ሲወድቅ የቡድናችን ካህን አዳነችው። ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ሲሮጥ እኔ «ዱም ይቆማል፣ ደብተሩን ያወጣል» አልኩና እያነበብኩ ጻፍኩ፦ «ለካህኗ፤ አንድ ሕይወት።» ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌባችን በሩን ከመክፈቱ በፊት ዞር ብሎ «እኔስ ስንት አለኝ?» አለ። «ላንተ ግማሽ ሕይወት፤ ያን ጊዜ ስትጎትተኝ እጄን ሰብረኸዋል።» ክርክር ተነሳ፤ ግማሽ ነው አይደለም ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ መሪያችን አንድ ጋኔን አመጣና ለዱም «ደብተሩን ስጠኝ፣ ዕዳህ ሁሉ ይሰረዝልሃል» አለው። እኔ አፌን ሳልከፍት ሦስቱም ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ «እንዳትሰጠው!» ብለው ጮኹ።

ደብተሩ የእኔ ነው፤ ታሪኩን የሠሩት ግን እነሱ ናቸው። ጆሮ የሌለው ማሰሮ ምን ቢያምር ለማንሳት አይመችም። ገጸ ባሕርይም ሌላው ሰው የሚይዝበት ጆሮ ያስፈልገዋል። ቦሮ አለው፤ ችቦ በጠፋ ቁጥር ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል። የአይሌንድሪያስ ጆሮዎች ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ናቸው። ብቻዋን አድጋለች፣ ሰው አታምንም፣ ጠላቶቿን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ጓደኛሽ ቀርቦ ምን ብሎ ይጀምር?

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ የኋላ ታሪክ የሚባል ግዴታ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ችሎታ ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ትወረውሪያለሽ፣ የወጣልሽን ትጽፊያለሽ፣ ትገቢያለሽ፤ በመጀመሪያው ምሽት መሞትም ይኖራል። ከዚያ ዘመን ጠረጴዛ ከወጡት ስሞች አንዱ ሜልፍ ነው፤ የጋይጋክስ ልጅ የተጫወተው ኤልፍ ነበር። ስሙ የመጣው ወረቀቱ ላይ ወንድ ለማለት ከተጻፈችው «ኤም» ፊደልና ከ«ኤልፍ» ነው ይባላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነቧቸው ሜልፍ ሆነ። ከዚህ የሰነፈ ስም የለም። ዛሬ ግን በሕግ መጽሐፉ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የአሲድ ቀስት አስማት አለ። የሌላው ልጁ የኧርነስት ገጸ ባሕርይ ቴንሰርም እንዲሁ፤ ኧርነስት የሚለው ስም ፊደሎቹ ተገለባብጠው የወጣ ነው።

ስለዚህ ስሙን አሳጥሪው። አይሌንድሪያስ የሚለውን ማንም በውጊያ መሀል ሊጮኸው አይችልም። «አይሌን» በያት፤ ሙሉ ስሟን ደግሞ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም የምትጠላው ሰው። ያን ጊዜ ርዝመቱም ሥራ ያገኛል።

አሁን ወደዚያች 8። ችግሩ እሷ አይደለችም፤ እንዲያውም ከስድስቱ ቁጥሮችሽ የምወዳት እሷን ነው። በአሁኑ ሕግ 8 ማለት ከውርወራሽ ላይ አንድ ይቀነሳል ማለት ነው፤ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ አንድ ቁጥር 5 በመቶ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት በሂሳብ ማንም አያስተውለውም። ካላሳየሻቸው ዓመት ሙሉ ተጫውተሽ አንድ ሰው «አይሌን ከሰው ጋር አይሆንላትም» ብሎ አያውቅም። ታዲያ እንዴት ይታይ? ብዙ ተጫዋች ዝቅተኛ ሞገስን በስድብ ይተረጉመዋል። ባለጌ መሆን ቀላል ነው፤ ለጊዜው ያስቃል፣ ቶሎ ይሰለቻል። ያንቺ 12 ገጽ የተሻለ መልስ አለው፤ ብቻዋን ነው ያደገችው። ብቻውን ያደገ ሰው ወሬ መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። የምትፈልገውን ከሰማች ዞር ብላ ትሄዳለች፤ ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ንጉሥም ቢሆን።

ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አድርጊውና ተመልከቺ። የጨዋታ መሪው የቤተ መንግሥቱን ሹም ሆኖ ረጅም ንግግር ሲጀምር፣ «ሰሜኑ በር ነው ካለኝ በኋላ አይሌን ወጥታለች» በይ። የቀሩት ሦስቱ ሹሙን ይቅርታ ለመጠየቅ ሲራወጡ የሚያስቅ ምሽት ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ «አይሌንን ያዝዋት፣ ሳትሄድ!» ማለት ይጀምራሉ። በስሟ ጠሯት ማለት ነው። አየሽ፣ ጫካው፣ ብቸኝነቱ፣ 12 ገጹ በሙሉ አንዲት የምትታይ ድርጊት ውስጥ ገባ። ማንም ሳያነበው።

የሞቱት ወላጆች ግን ያሳስቡኛል። የዚህ ጨዋታ ጀግኖች ግማሾቹ ወላጅ አልባ ይመስሉኛል፤ ምክንያቱም ይገባኛል፣ ቤተሰብ የሌለው ሰው ለጉዞ ይቀለዋል። ግን ሙት በር አያንኳኳም። የጨዋታ መሪሽ ከመቃብር ምን ታሪክ ያውጣ? እንዲነሱ አትፈልጊ ይሆናል፤ ስለዚህ ከዚያ ሌሊት አንድ በሕይወት ያለ ሰው ስጪው። ለምሳሌ ከወራሪዎቹ አንዱ ልጅቷን ተደብቃ አይቷት እንዳላየ ሆኖ አልፏል። ፊቱን አላየችም፤ ሲሄድ ያፏጨውን ዜማ ግን ታውቀዋለች። ይህን በሁለት መስመር ጽፈሽ ለመሪው ስጪውና እርሺው። አንድ ቀን በሆነ የወደብ ከተማ፣ ምግብ የሚያመጣ ሽማግሌ ያንን ዜማ ሲያፏጭ እጅሽ ዳይሱ ላይ ይደርቃል። በበኩሌ ከ12 ገጽ ይልቅ እነዚያን ሁለት መስመሮች የምወስድ የጨዋታ መሪ ነኝ፤ ሥራ የሚሰጡኝ እነሱ ናቸውና።

የጨዋታው ደራሲዎችም ቀስ በቀስ ወደዚህ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ረጅም ታሪክ አልጠየቀም። የባሕርይ መገለጫን፣ የሚያምንበትን፣ የሚያስተሳስረውንና ጉድለቱን በአጫጭር መስመሮች እንድትጽፊ ብቻ ይልሽ ነበር። እነዚህን በሚገባ ስትጫወቺ መሪው «መነቃቃት» ሊሰጥሽ ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ባለ 20 ገጹን ሁለቴ ወርውረሽ የበለጠውን ትወስጂ ነበር። ፌት የሚባለው ጨዋታ ደግሞ ድክመትሽ መከራ ውስጥ ሲከትሽ ነጥብ ይከፍልሻል፤ ጉድለትን በገንዘብ እንደመግዛት ነው። ከሁሉ የምወደው ግን ደንጀን ወርልድ የሚባለው ሌላ ጨዋታ ያለውን ትስስር ነው። ወረቀቱ ላይ የሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ይሰጥሻል፤ ግንኙነታችሁ ሲለወጥ የልምድ ነጥብ ታገኛለሽ። ሕጉ ራሱ ዓይንሽን ከራስሽ ወረቀት ላይ አንስቶ ጎንሽ ወደተቀመጠው ሰው ያዞረዋል።

የእናንተ ጨዋታ ባያስገድድሽም ባዶ ቦታውን ራስሽ ጻፊው። ደብዳቤሽን ሳነብ ያስገረመኝም ይኸው ነው። አይሌን ኤልፍ ናት፤ በሕጋችሁ ኤልፍ በጨለማ እስከ 60 ጫማ ድረስ ያያል፣ 18 ሜትር ገደማ ነው። ወረቀትሽ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። ጎንሽ ደግሞ ጨለማ የሚፈራ ሁለት ሜትር ወታደር ተቀምጧል። በጠረጴዛው ላይ ከሁሉ የተወደደው ገጸ ባሕርይ በጣም የሚያስፈልገው ነገር ያለው አንቺ ጋ ነው፤ አንቺ ግን ተፎካካሪሽ አድርገሽ አየሽው።

መጀመሪያ ጓደኛሽን አነጋግሪያት። የሰው ገጸ ባሕርይ ላይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ታሪክ መለጠፍ ያጣላል። «ቦሮ እንደሚፈራ አይሌን ብታውቅና ለማንም ባትናገር ምን ይመስልሻል?» በያት። እሺ ካለችሽ በሚቀጥለው ዋሻ ችቦው ሲጠፋ አትተኩሺ። ተራሽ ሲደርስ የምታዪውን በሹክሹክታ ለቦሮ ንገሪው፦ «በግራህ ግድግዳ አለ። ከፊትህ ሰባት እርምጃ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አሁን አልነግርህም።» ያቺ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ምን እንደምታስነሳ አስቢው።

ላስገድላት ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። ዓመት ከመንፈቅ አብራቸው ተጉዛለች፤ አዲስ ሰው ይህን ይዞ አይመጣም። አንድ ነገር ግን ከልብሽ ጣይ፤ «ገጸ ባሕርይዬ እንደዚህ ናት» የሚለውን ሰበብ። ሌባ የሚጫወቱ ሰዎች የጓዶቻቸውን ኪስ ሲያወልቁ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። አይሌን ዞር ብላ መሄዷ ጓደኞችሽን ካሳቀ ቀጥይ። ከመሪው ጋር በደስታ የሚያወራን ሰው ንግግር ካቋረጠ ግን ያን ቀን ትቆይ። ገጸ ባሕርይዋን የምታዢያት አንቺ ነሽ። ልማዷም ቢሆን በየአምስት ደቂቃው ከተደገመ ይሞታል፤ በአንድ ምሽት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። ዱም ደብተሩን ሳያወጣ ያለፈባቸው ምሽቶች ነበሩ፤ ያን ጊዜ ነበር እነሱ ራሳቸው «አልጻፍክም እንዴ?» የሚሉት።

12 ገጹንም አትቅደጂው። ለራስሽ ይጠቅምሻል፤ ድንገት ስትጠየቂ ምን እንደምትመልሺ የሚያውቀው እሱ ነው። ከጀርባው ግን ባዶ ገጽ ጨምሪ፤ ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ አይሌን ላይ ምን እንደተለወጠ አንድ መስመር ጻፊ። ጠባሳው፣ የሰጠችው ቃል፣ ያታለላት ነጋዴ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ሲጠይቁሽ ከመንደሩ ቃጠሎ አትጀምሪ፤ አብረዋት ካዩት ጀምሪ።

ድምፅን በተመለከተ ግድ አይደለም። ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ሆነው በአራት ሰዓት ውስጥ አንዴም ድምፃቸውን የማይለውጡ አሉ። «አይሌን ወደ በሩ ትጠጋለች፣ ማንንም ሳታይ ‹ሦስት ናቸው› ትላለች» ማለት ሙሉ በሙሉ ጨዋታ ነው። ካፈርሽ ከድምፅ ይልቅ ፍጥነትን ሞክሪ። አንቺ ደብዳቤሽ ላይ እንደማይሽ ፈጣን ተናጋሪ ትመስዪኛለሽ፤ አይሌን ቀስ ትበል፣ ከመመለሷ በፊት አንድ ትንፋሽ ትቆይ። ማንም «ድምፅሽን ቀየርሽ» አይልሽም፤ ግን ዝም ስትዪ ወደ አንቺ ዞር ማለት ይጀምራሉ። ጨለማው ውስጥ ለቦሮ ስትነግሪውም በዚሁ ፍጥነት ይሁን፤ ግድግዳው፣ ሰባቱ እርምጃ፣ ከዚያ ዝምታው። ቦሮ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።